የአያቴ ሸክላና የኪሌሌሽዋው ሰውዬ

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ባለው የአየር ጭነት መጋዘን ውስጥ ተሰብሮ፣ ረጥቦ ወይም ጎድሎ የመጣ ዕቃ ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ። ላኪው «ደህና አድርጌ ነው የላክሁት» ይላል፤ ተቀባዩ «እንዲህ ሆኖ ነው የደረሰኝ» ይላል፤ መሐል ላይ ያለው አጓጓዥ የለሁበትም ይላል። እኔ ሦስቱንም አላምንም። ካርቶኑ ላይ «መድኃኒት» የሚል ስለተለጠፈ ብቻ ውስጡ መድኃኒት ነው ብዬ አላውቅም። እናቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል ለቀልድ ነበር የምትለው፤ እኔ መተዳደሪያዬ አደረግሁት።

ይህ ጠባይ መጋዘኑ በር ላይ አይቀርም። ካሳራኒ ያለው ቤታችን ውስጥ አስቀድመን የምንሞላው የመብራት ቶከን ቶሎ ካለቀ ጎረቤት መስመር ቀጥሎብኛል ብዬ ኮሪደሩን እዞራለሁ። የማታቱ ታክሲ ረዳት ፈገግ ካለልኝ ቦርሳዬን አቅፋለሁ። አክስቴ ይህን እያየች «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ትለኛለች።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። አዲስ አበባ ብቻዋን ስትቀር ይዣት መጣሁና አብረን እንኖራለን። ስትመጣ ሻንጣዎቿን ሁሉ ለጭነት ሰጥታ አንድ ነገር ግን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የተሳፈረችው፤ በነጠላ የተጠቀለለ ሸክላ። አያቴ የዘፈነበት ነው። አያቴ አናጺ ነበር፤ ክራርም ይጫወት ነበር። በአንድ ወቅት ሸክላ የሚያስቀዱ ነጋዴዎች ድምፁን ወሰዱ፣ ባሕር ማዶ አሳተሙት፣ ለእሱም አንድ ሰጡት። እኔ አያቴን አላውቀውም፤ የሞተው እናቴ ገና በእቅፍ ሳለች ነው። በሐዘኑ ሰሞን ሸክላውን ያጫውት የነበረው ግራሞፎን ከቤት ወጥቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሸክላውን ይዛ ኖረች እንጂ ሰምታው አታውቅም።

ችግሩ ጆሮዋ ነው። ቀኙ ከሞተ ቆይቷል፤ ግራውም እየከዳት ነው። ሐኪሙ በትሕትና፣ ግን ሳይሸፋፍን ነገረን። መሣሪያ ቢደረግላት ለጊዜው ይረዳታል እንጂ አያድናትም። ከዚያ ወጥተን ቲካ ሮድ ዳር፣ የማታቱዎቹ ሙዚቃ እየደበደበን ስንቆም፣ እጄን ያዘችና «እንግዲያው ሳልደነቁር አባቴን አሰሚኝ» አለችኝ።

«ሸክላው ላይ ስሜን ይጠራል» አለች። «ይሄን የክርስትናውን አይደለም። ልጅ ሆኜ እሱ ያወጣልኝን፤ ከእሱ በቀር ማንም የማይጠራኝን። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ዘፈኑ ቆሞ ክራሩ ብቻውን ሲቀር፣ ያኔ ይጠራኛል። እሷን አንድ ጊዜ ልስማት፣ ከዚያ ጆሮዬ እንደፈለገ ይሁን።»

እሺ አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው። ወፍራሙንና ተሰባሪውን የጥንት ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ ግን ናይሮቢ ውስጥ እንደልብ አይገኝም። ካፌ ውስጥ ለጌጥ የሚያስቀምጧቸው አዳዲሶቹ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውም መርፌያቸውም ሌላ ነው፤ እነሱ ላይ ቢደረግ ይበላሻል አሉኝ። በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ኪሌሌሽዋ የሚኖር አንድ ሐበሻ ጠቆመችኝ። ከዓለም አቀፍ ድርጅት በጡረታ የወጣ፣ አሮጌ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ነው። «በጣም ጨዋ ሰው ነው» አለችኝ። በጣም ጨዋ ነው የሚባል ሰው እኔ ዘንድ ከዜሮ በታች ነው የሚጀምረው።

ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ። እዚህ ግን በልቤ እጠራው እንደነበረው ሰውዬው ልበለው። መጋረጃው በቀን የተዘጋ ሳሎን ውስጥ ተቀበለኝ፤ ፀሐይ ሸክላ ያጣምማል አለ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ ዝግ ያለ፣ ራሱን መስማት የሚወድ ዓይነት ነው።

ሸክላውን ከነጠላው ሳወጣ ወረቀቱን አላነበበም። መጀመሪያ የከነከነኝ ይህ ነው። ጤነኛ ሰው መሐሉ ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ነው የሚያየው፤ የዘፋኙም የዘፈኑም ስም ያለው እዚያ ነው። እሱ ጠርዙን በሁለት መዳፎቹ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ብርሃኑን በአግድሞሽ አሳረፈበት፤ ከዚያ ድምፁ የተቀረጸበት መስመር ካለቀ በኋላ፣ ወረቀቱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ባዶ ቀለበት ትኩር ብሎ አየና ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ ከመጋዘን አውቀዋለሁ። የፈለገውን ያገኘ ሰው ፈገግታ ነው።

«ምን አዩ?» አልኩት።

«ማትሪክሱን።»

እኔ የማውቀው ማትሪክ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለቀስኩበትን ነው። ይህኛው ሌላ ሆነ። «ወረቀቱ የሚለጠፈው መጨረሻ ላይ ነው፣ የኔ እህት» አለኝ፤ ማስተማር ሲጀምር ድምፁ ወፈረ። «ለጣፊው ደክሞት የአንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ይለጥፋል። ይቺ ማትሪክስ የምንላት ቁጥር ግን ገና ድምፁ ሲቀዳ በመጀመሪያው ሰም ላይ የተጻፈች ናት። ከዚያ ሰም የሚወለደው ሸክላ ሁሉ ይዟት ይወጣል። ወረቀት ይዋሻል፣ ሰም አይዋሽም።»

ከቁጥሩ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ትንሽ አኃዝ እንዳለችም ነገረኝ። በዚያ ዘመን ተቆርጦ የሚቀጠል ነገር የለም። ዘፋኙ ካሳለው ወይም የክራሩ ክር ከተበጠሰበት ከመጀመሪያው ይደግማል። መጀመሪያ የዘፈነው ሰረዝ አንድ፣ የደገመው ሰረዝ ሁለት ይባላል። አንዳንዴ ሁለቱንም ያትሟቸዋል፤ ያው ስም፣ ያው ወረቀት። «ገዢው አንድ ዓይነት ዕቃ የገዛ ይመስለዋል» አለ። «ሰውየው ግን ሁለት ጊዜ ነው የዘፈነው። ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይዘፍንም።»

ነገሩ በጣም ጣመኝ። እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት የተለጠፈን ወረቀት ባለማመን ነው። መጣሙ ግን ይበልጥ አስጠረጠረኝ፤ የሚጥም ነገር የሚያወራ ሰው እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ አይታይም። ወዲያው ደግሞ የፈራሁት መጣ።

«ይሄ ሸክላ እኔም ጋ አለ» አለ ወደ መደርደሪያው እያሳየ። «የዚህ ግን መንታው ሊሆን ይችላል። ቆሽሿል፤ መታጠብ፣ መድረቅ አለበት። ፖሌ ፖሌ ነው የሚሠራው፣ ጥድፊያ አይወድም። እዚህ ይቆይ፤ ድምፁን ቀድቼ በስልክ እልክልሻለሁ።»

የእኛ ሸክላ፣ የእሱ ሸክላ፣ ያው ወረቀት፣ ያው ስም፣ የተዘጋ መጋረጃ። እኔ ቦታው ላይ ብሆን እንዴት አድርጌ እንደምቀይረው ቆሜ አሰብኩት። ጥሩ አድርጌ ነበር የምቀይረው። ሌላ ምርጫ ስለሌለኝ ስልኬን አውጥቼ በሥራዬ ልማድ ፎቶ አነሳሁ፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ክብ ነገር ማዕዘን ባይኖረውም ከአራት አቅጣጫ፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን የአተር ክክ የምታህል ስባሪ። ሁልጊዜ የዕቃ መለያ እንደማነሳው ፍላሽ አብርቼ፣ ቀጥ ብዬ ከላይ ወደ ታች።

«ፖሊስ ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«ከፖሊስ እብሳለሁ» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ድምፁ በዋትስአፕ የመጣ ዕለት አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በግራ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አድርጌ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅሁት። መጀመሪያ ዘይት የፈላ ዓይነት መንጫጫት፣ ከዚያ ክራር፣ ከዚያ የወንድ ድምፅ። አክስቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አባቴ ነው» አለች፤ ስለማይሰማት ጮክ ብላ ነው የተናገረችው። «እሱ ነው! እሱ ነው!» እኔም ከማዳመጫው የሚያፈተልከውን እየሰማሁ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቴን ሰማሁት። ቀጠን ያለ ድምፅ ነው፤ የእናቴን ይመስላል።

ከዚያ ሁለተኛው ስንኝ አለቀና ክራሩ ብቻውን ቀረ። አክስቴ ጣቷን ወደ ላይ አንስታ «አሁን» አለች። ክራሩ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ አያቴ ሦስተኛውን ስንኝ ያዘ። ጣቷ እንደተነሳ ቀረ። ደግመን አደረግነው። ሦስተኛም አደረግነው። በመጨረሻ ማዳመጫውን ራሷ አወለቀችና «ይሄ የእኔ አይደለም» አለችኝ። «አባቴስ አባቴ ነው። ሸክላው ግን የእኔ አይደለም። የእኔ ላይ ይጠራኛል።»

ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ንዴት ነበር፣ ከንዴቱ ሥር ደግሞ ትንሽ ደስታ። ልክ ነበርኩ ማለት ነው። ሰውዬው ስሟ ያለበትን አስቀርቶ የራሱን ቀድቶ ላከ። የሰው ስም የሚጠራበት ሸክላ ሰብሳቢ ዘንድ ምን ያህል እንደሚፈለግ ማሰብ ነው። አክስቴ ግን የተናደደችው በእሱ አልነበረም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ያ እኔ ነኝ» አለች። «ሳልሰማው አቅፌው ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር።» የዚያን ቀን ምሳም እራትም እንቢ አለችኝ።

በማግስቱ ቢሮ ውስጥ ፎቶዎቹን በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈትኳቸው። ባዶዋን ቀለበት ሳጎላ ቁጥሩ ወጣልኝ። ፍላሹ ግማሹን አጥቦታል፤ ቢሆንም ከሰረዙ በኋላ አንዲት የቆመች ጭረት ትታያለች። አንድ ናት። ሰውዬው የላከውን ደግሞ አየሁት፤ ጥንቁቅ ነኝ ባይ ስለሆነ ፋይሉን የሰየመው በዚያው በማትሪክሱ ቁጥር ነው፤ መጨረሻው ሰረዝ ሁለት ይላል። እኔ የሰጠሁት አንድ፣ እሱ የላከው ሁለት። ራሱ ባስተማረኝ ነገር ያዝኩት። ባልደረባዬ «ደውለሽ ለምን አትጠይቂውም?» አለችኝ። ደውዬ ልንገረውና መደበቂያ ጊዜ ልስጠው እንዴ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ቅዳሜ ሳልነግረው ሄድኩ። አክስቴ እቀራለሁ ብትል ደስ ባለኝ፣ እሷ ግን «አባቴን የሰረቀውን ሰው ፊቱን ልየው» ብላ ነጠላዋን ለበሰች። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስማችንን ጠይቆ ደወለለት፤ ሰውዬው በሸሚዝ ብቻ እየሮጠ ወርዶ አክስቴን «እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ» ብሎ ክንዷን ደግፎ ደረጃውን አወጣት። ሌባ ሁሉ እንዲህ ነው፣ አልኩ በልቤ።

ገና ሳንቀመጥ ስልኬን አውጥቼ «ጋሼ፣ እኔ የሰጠሁዎት ሰረዝ አንድ ነው፤ የላኩልን ሰረዝ ሁለት ነው» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። «ሌባ ነህ እያልሽኝ ነው?»

«ገና አላልኩም።»

ሁለት ሸክላዎች አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳ ጨርቅ ዘርግቶ አስቀመጣቸው። ያው ወረቀት፣ ያው ስም። አንደኛው ጠርዝ ላይ የአተር ክክ የምታህል ስባሪ አለች። ፎቶዬን ከጎኑ አድርጌ አየሁ፤ ስባሪዋ ራሷ ናት፣ ከእሷ የምትነሳውም የፀጉር ያህል መስመር ራሷ ናት። የእኛው ነው። እዚህ ላይ የራሱንም ሆን ብሎ ሸርፎት ይሆን እንዴ ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እኮ ነው የምላችሁ።

ሸክላውን ወደ መስኮቱ ወስዶ በአግድሞሽ ያዘልኝ። «ፍላሽ ከላይ ስታበሪበት ያጥበዋል» አለ። «እዚህ ቁሚ።» የቆመችው ጭረት ታየችኝ። ቀስ ብሎ አዞረው፤ ብርሃኑ ከሌላ በኩል ሲመጣ ጭረቷ ከላይ ቆልመም አለች፣ ከታች ደግሞ እግር አወጣች። አላመንኩም። ስስ ወረቀትና እርሳስ ለመንኩት፤ ወረቀቱን ቀለበቷ ላይ አድርጌ እርሳሱን በጎኑ አሸሁበት። ነጭ ሆኖ ብቅ ያለው አኃዝ ሁለት ነበር። በገዛ እጄ ያወጣሁት ሁለት።

«መመኘቱንስ ተመኝቼዋለሁ» አለ ሰውዬው፤ አሁን ንዴቱ በርዷል። «አልዋሽሽም። የእኔ አንድ ነው፣ የእናንተ ሁለት። መንታዎቹ አንድ ላይ ቢቀመጡልኝ ምን ነበር ብያለሁ። መመኘት ግን መውሰድ አይደለም።» ይህን በማለቱ ትንሽ አመንኩት። ትንሽ ነው ያልኩት።

አክስቴ ንግግራችንን ግማሹን ብቻ ነው የሰማችው፤ ሁለት ሸክላ መኖሩን ግን አይታለች። «እንግዲያው ስሜ ያለው በዚያኛው ላይ ነው» አለች። «ያንን አሰማኝ፣ ልጄ።» ሰውዬው ማጫወቻው ፊት ወንበር አስቀመጠላት፤ ግራ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አድርጋ ተቀመጠች። እኛ ከኋላዋ ቆምን። ሰረዝ አንድ ተጀመረ። አያቴ በዚህኛው ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዚያም ጥድፍ ጥድፍ እያለ ይዘፍናል፣ መቀዳቱን የፈራ ይመስላል። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ። ክራሩ ብቻውን ቀረ። ማንም አልተጠራም።

ከኋላዋ ሆኜ ትከሻዋ ሲወድቅ አየሁ። እኔ ነኝ ተስፋ ያስደረግኋት፤ ሌባ አለ ብዬ፣ የተሰረቀ ነገር ደግሞ ይመለሳልና። አሁን ሌባም የለም፣ የሚመለስም የለም። ሰውዬው ሌላ የተቀዳ ይኖር ይሆን ብዬ ስጠይቀው ራሱን ነቀነቀ፤ ሰረዝ ሦስት አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

«የእኔን መልስልኝ» አለች አክስቴ፤ ወደ ቤት ልትወስደው መስሎኝ ነበር። «የእኔን ልስማው።»

ሰረዝ ሁለትን አስቀመጠ። በስልክ እንደሰማነው አልነበረም፤ ክፍሉን ሞላው። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ፤ ክራሩ ብቻውን ቀረ። ያኔ አክስቴ በቀጭን፣ እኔ በማላውቀው ድምፅ «አቤት!» ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች።

ማንም አልጠራትም። በእኔና በሰውዬው መሐል አሾልካ ግድግዳውን ታያለች። አእምሮዋ ነገር ሆነ ብዬ ደነገጥኩና ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። እሷን ግን ከእኛ ቀድሞ ገብቷታል። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት።

«ከኋላዬ ነበር» አለች። «ግራሞፎኑን እንዳልነካው ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ያስቀምጠኝና እሱ ከኋላዬ አልጋው ላይ ይጋደማል። እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ይጠራኛል፤ አቤት ብዬ እዞራለሁ፣ ይስቅብኛል። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ነበር። በአፉ ነበር እኮ። ሸክላው አይደለም። በአፉ ነበር የሚጠራኝ።»

ሸክላው ፊት ለፊቷ መዞሩን ቀጥሏል፤ አያቴ ሦስተኛውን ስንኝ ይዟል። አታለቅስም የምባል ሰው ነኝ፤ አለቀስኩ። ያንን ጥሪ ማንም ሰም ላይ አልጻፈውም፤ ጆሮዋ ከመዘጋቱ በፊት ከየትም ፈልጌ ላመጣላት አልችልም። ሰውዬውም መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል።

«ልዝጋው፣ እናቴ?» አላት ጎንበስ ብሎ ወደ ግራ ጆሮዋ።

«አትዝጋው» አለች። «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ። እናንተ ግን ከኋላዬ ተነሱልኝ።»

ተነሳን። እኔ መስኮቱ ዘንድ ሄድኩ፤ ሰውዬው መርፌውን ከዳር አሳርፎ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ከኋላዋ ባዶ ወለል ብቻ ቀረ። አያቴ መጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ፣ ሁለተኛውን ዘፈነ፣ ከዚያ ክራሩ ብቻውን ቀረ። አክስቴ በዚህ ጊዜ አልዞረችም። ዓይኗን እንደጨፈነች «አቤት፣ አባዬ» አለች።